ወጨጫና ጎረቤቶቹ፦ ጫካው ለምን ቀረ?

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን፣ ያውም በዚህ ሁሉ የመንገድ መጨናነቅ፣ ስለ ተራራ ለመስማት ብላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ወጨጫን ያየ ሰው እጁን ያውጣ። እሺ፣ ግማሽ አትሞሉም። እኔ ግን ሁላችሁም አይታችሁታል ባይ ነኝ። አየር ጤና ወይም ዓለም ባንክ የሚኖር ሰው በየቀኑ ያየዋል። ማታ ማታ ፀሐይ ከጀርባው የምትገባው ያ ጠቆር ያለ ሰፊ ተራራ ወጨጫ ነው። ስሙን ሳናውቅ ስንት ዓመት አብረነው ኖረናል።

ቁመቱ ከባህር ጠለል በላይ 3,385 ሜትር ነው። ከእንጦጦም ከየረርም ይበልጣል። ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር፤ ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ጂኦሎጂስቶች ከየረር ተነስቶ እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል የሚዘልቅ አንድ ረጅም የእሳተ ገሞራ መስመር አለ ይላሉ። ፉሪ፣ ወጨጫ፣ ደንዲ፣ ወንጪ ሁሉም እዚሁ መስመር ላይ የተደረደሩ ወንድማማቾች ናቸው። የወጨጫ ምንጮች የሚወርዱት ወደ አዋሽ ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ላጥራ፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። መናገሻ የሚባል ሁለት ቦታ አለ። አንዱ በአምቦ መንገድ፣ ሆለታ ሳይደርሱ ያለው የመናገሻ ከተማና ኮረብታው ነው። ስሙም እንደሚነግራችሁ የነገሥታት መንገሻ ነበር ይባላል። ሌላው መናገሻ ሱባ የሚባለው ጫካ ነው፤ በወጨጫ ደቡብ ምዕራብ ጎን ላይ ያለ። የዛሬው ወሬዬ ስለ ሁለተኛው ነው። በጅማ መንገድ ሰበታን አለፍ ብላችሁ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ጠጠርና ጭቃ ነው።

ጫካው ውስጥ በጠዋት መግባት አለባችሁ። ይሄን አጥብቄ እላለሁ። ከተማው ውስጥ የለመድነው ዛፍ ባህር ዛፍ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ሁሉም አንድ ዕድሜ። ሱባ የገባችሁ ቀን ግን ዛፍ የሚለው ቃል ራሱ ይለወጥባችኋል። የሀበሻ ጽድ እስከ 40 ሜትር ያድጋል። ሥሩ ቆማችሁ ወደ ላይ ስታዩ አንገታችሁ ያማል። ግንዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ልጡ በረጅሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል፣ እንደ ተተለተለ ሥጋ። አንዲት ቁራጭ ቆረስ አድርጋችሁ በጣታችሁ ብታሹት የቤተ ክርስቲያን ሽታ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ሳሸተው የአያቴ ሳጥን ነው ትዝ ያለኝ። ለካ ሳጥኑ ጽድ ኖሯል።

አሁን ደግሞ ወደ መሬት እዩ። ከትልቁ ጽድ ሥር ትንሽ ጽድ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አታገኙም። ጽድ ብርሃን ይወዳል። ጥላ ውስጥ ቢበቅል እንኳ አይበረታም። ከሥሩ የምታገኙት ወይራና ዝግባ ነው። ማለትም ይሄ የምታዩት ግዙፍ ዛፍ ሲበቅል ቦታው ገላጣ ነበር። አንድ ነገር ተከፍቶለት፣ እሳት ይሁን መጥረቢያ ይሁን የሰው እጅ፣ ብርሃን አግኝቶ ነው ያደገው።

የሰው እጅ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሲነገር የኖረው ታሪክ እንዲህ ይላል። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የወጨጫ ጎን ተራቁቶ አዩና የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉ። ወፍ ዋሻ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ባለው ገደላ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ጫካ ነው። እስቲ አስቡት። በዚያ ዘመን ዘር በስልቻ ተሞልቶ፣ በበቅሎ ተጭኖ፣ ስንት ወንዝ ተሻግሮ ሲመጣ። የዘሩ ፍሬ ደግሞ ከአተር ብዙም አይበልጥም፤ ሰማያዊ የመሰለ፣ ላዩ ዱቄት የነካው። እኔ ይሄን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ መሬት ላይ የወደቀ የጽድ ፍሬ ረግጬ ማለፍ ይከብደኛል።

ከጽዱ በላይ ስትወጡ አየሩ ይለወጣል። በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሰበታ በቲሸርት የወረዳችሁ ሰዎች እዚህ ጃኬት ትፈልጋላችሁ። ዛፉም ይለወጣል። ኮሶ ይጀምራል። ኮሶን ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን፤ አያቶቻችን ለሆድ ትል ሲጠጡት የኖሩት መራራ መድኃኒት ነው። ዛፉን ግን ስንቶቻችን አይተነዋል? ኮሶ ወንድና ሴት አለው። ሴቷ ስታብብ አበባዋ ቀላ ብሎ እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የወንዱ ፈዘዝ ያለ ነው። ቅርንጫፉ ላይ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል። ጉም ሲሞላበት አርባ ሽማግሌዎች ለዕርቅ የተቀመጡ ይመስላል።

በዚህ መሀል ዝም ብላችሁ ቁሙ። ሙዚቃ አጥፉ፤ እባካችሁ ስፒከር ይዞ መምጣት ይቅር። ጉሬዛ ሲያገሳ ትሰማላችሁ። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ነጩ ፀጉሩ ጋቢ ለብሶ የሚዘል ሰው ያስመስለዋል። ከቁጥቋጦ ውስጥ እንደ ውሻ የሚጮኽ ነገር ከሰማችሁ አትደንግጡ፤ ድኩላ ነው። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ዝርያ እዚህ አለ፣ ወንዱ ጥቁር ሊባል የሚችል። ዕድል ከቀናችሁ ደግሞ ጉንጯ ነጭ የሆነች አረንጓዴ ወፍ ታያላችሁ። ቅርንጫፍ ላይ ስትሮጥ ከቅጠሉ አትለይም። ክንፏን ዘርግታ ስትበር ግን ከውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ብልጭ ይላል። ያ ቀለም መዳብ አለበት። በዚህ የወፍ ቤተሰብ ላባ ውስጥ እውነተኛ የመዳብ ማዕድን ነው ያለው። ይሄን ያነበብኩ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ስለ እሷ ሳስብ አደርኩ ብላችሁ ማጋነን አይደለም።

ከኮሶው በላይ አምጃና አስታ ነው። ዛፉ እያጠረ፣ ሰማዩ እየሰፋ ይሄዳል። ውሃ በሚወርድባቸው ሸለቆዎች ውስጥ ጅብራ ታገኛላችሁ፣ ከሰው ቁመት በላይ የወጣ፣ ቅጠሉ ጫፉ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ። ከዚያ ጓሳና ድንጋይ። ከዚያ ጫፉ።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገራችሁ። ይሄን የምናገረው ማንም እንዳይደግመው ነው።

መጀመሪያ ወጨጫን የወጣሁት በነሐሴ ወር ነው። አራት ነበርን። መሪ አልያዝንም። አንዱ ጓደኛችን ከዓመት በፊት መጥቶ ስለነበር «መንገዱን አውቀዋለሁ» አለ፤ እኛም አመንን። የተነሳነው ረፍዶ፣ አራት ሰዓት ላይ። ጫፍ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ፎቶ ተነሳን፣ በላን፣ ተጫወትን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጉሙ መጣ። እንዴት እንደመጣ አላየንም። አጠገቤ የነበረው ድንጋይ ጠፋ፣ ከዚያ ጓደኛዬ ጠፋ፤ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። ወዲያው ዝናብ። ስልካችን ኔትወርክ አልነበረውም። መንገዱ ወዴት እንደሆነ ማንም አያውቅም። አንዳችን «ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ውሃውን እንከተል» አለ። በጊዜው ከዚያ የተሻለ ሐሳብ ያለን አልመሰለንም።

አንድ ሰዓት ያህል ጅረቱን ተከትለን ወረድን። ሳማ እጃችንን ለብልቦናል። ሁለት ጊዜ ወድቄ ጉልበቴ ደምቷል። ሸለቆው እየጠበበ፣ የውሃው ድምፅ ደግሞ እየጎላ ሄደ። በዚያ መሀል ከላይ የሰው ድምፅ ሰማን።

«እናንተ ልጆች፣ የት ልትገቡ ነው?»

ቀና ስንል ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ከነበትራቸው ቆመዋል።

«አባባ፣ ወደ ሰበታ ልንወርድ ነው።»

«በዚህ? በዚህ እኮ ገደል ነው። ውሃ በሄደበት ሁሉ ሰው ይሄዳል እንዴ?»

ከቆምንበት ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ ጅረቱ ፏፏቴ ሆኖ ይወረወራል። ድምፁ የጎላው ለዚያ ነበር። ስለዚህ ይሄን በልባችሁ ያዙት፦ ተራራ ላይ መንገድ ከጠፋችሁ ጅረት ተከትላችሁ አትውረዱ። ወደምታውቁት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ። ካልቻላችሁ አንድ ላይ ተቀመጡ፣ ልብስ ደርቡ፣ ድምፅ አሰሙ።

ሽማግሌው ቤታቸው ወሰዱን። እሳት ተነደደልን። የገብስ ቆሎና ትኩስ ወተት ቀረበልን። ልብሳችን እየጨሰ ተቀመጥን። እኔ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ስለ ጫካው ውበት ማውራት ጀመርኩ። እንዴት እንደ ተአምር እንደቆየ፣ ተፈጥሮ ስትጠበቅ እንዴት ደስ እንደምትል። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ፉሪን አይተሃል?» አሉኝ። «አላየሁም አባባ» አልኩ። «እንግዲያው እሱን እይና ተመለስ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው እስከ መኪና መንገዱ ሸኘን።

እኔም ሄድኩ። ያቺ አንድ ጥያቄ ናት ዛሬ እዚህ ያቆመችኝ።

ፉሪ የወጨጫ የቅርብ ጎረቤት ነው፤ 2,839 ሜትር። አፈሩ ያው፣ ዝናቡ ያው፣ አነሳሱም ያው እሳተ ገሞራ። ከአንዱ ቆማችሁ ሌላውን በዓይናችሁ ትነኩታላችሁ። ፉሪ ላይ ግን የጽድ ጫካ የለም። እርሻ አለ፣ ባህር ዛፍ አለ፣ የተቦረቦረ መሬት አለ። የዚያን ቀን ከፉሪ ጀርባ ተቀምጬ ወጨጫን ሳየው የሽማግሌው ጥያቄ ገባኝ። ጫካው ተአምር ቢሆን ኖሮ ፉሪም ላይ ይኖር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ለማዳረስ ወሰንኩ። የረር ሄድኩ፣ 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ድንጋያማ ነው፣ አወጣጡ ከወጨጫ ይከብዳል፣ እይታው ደግሞ ልብ ይሰርቃል። ደን ግን በየገደሉ ስንጥቅ ከተደበቀው በቀር ብዙም አልቀረለትም።

እንጦጦን ታውቁታላችሁ። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር፣ ከተማዋ የማገዶና የቤት እንጨት በላች። በጥቂት ዓመት ውስጥ ዙሪያዋ ተራቆተ። ንጉሡ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገብቶ በፍጥነት አደገ፣ ሲቆርጡት መልሶ አቆጠቆጠ፣ ማገዶ ሆነ፣ ማገር ሆነ። ስለዚህ በተጓዦች መሀል ባህር ዛፍን መስደብ ፋሽን ሲሆን አልወድም። ባህር ዛፍ ባይኖር ዛሬ እዚህ አዳራሽ ባልተሰበሰብን ነበር። ከእንጦጦ የጭራሮ ሸክም ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አስታውሱ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል፤ ጀርባቸው ጎብጦ ዓይናቸው የሚያየው አስፋልቱን ብቻ ነው። የዚህችን ከተማ እንጀራ ስንት ዘመን የጋገረው እሱ ጀርባ ነው። ባህር ዛፍ ሥር ግን ጉሬዛ አይኖርም። ይሄም እውነት ነው።

የመጨረሻው ዝቋላ ነው። ከወጨጫ ጫፍ ወደ ደቡብ ስታዩ ሜዳ ላይ ብቻውን የተቀመጠ፣ ጫፉ የተቆረጠ የመሰለ ተራራ ነው። 2,989 ሜትር። ጫፉ ላይ ሐይቅ አለው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም እዚያ ነው፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምዕመናን ከያለበት ይጎርፋሉ። ታች ያለው ሜዳ ዛፍ አልባ ነው። ሽቅብ ስትወጡ ግን ወደ ጫፉ፣ በሐይቁ ዙሪያ፣ ጽድ ታገኛላችሁ። ያው ጽድ። ያው የሳጥን ሽታ። ለካ እዚህም ጠባቂ ነበረው። መነኮሳቱ ዛፉን እንደ ገዳሙ አካል ነው የሚያዩት። ቅርንጫፍ መቁረጥ ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአት ነው።

እንግዲህ አምስቱን ተራሮች ጎን ለጎን አድርጉና እዩ። ወጨጫ ጫካው የተረፈለት ቤተ መንግሥት «አትንኩ» ስላለ፣ ከዚያም ትውልድ በትውልድ የደን ጥበቃ ስለቆመበት ነው። ዛሬም የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ያስተዳድረዋል። ዝቋላ ጫካው የተረፈለት ገዳም ስላለ ነው። ሌሎቹ ጠባቂ አላገኙም፣ ከተማም ቀረበባቸው። እኔ ስለ ዝናብና ስለ አፈር ብዙ አነብ ነበር። መልሱ ግን ሰው ነው። ጫካ ያለበት ቦታ ሁሉ «ይሄ አይቆረጥም» ያለ ሰው አለ፤ ሌሊት ብርድ ላይ የቆመ ዘበኛ አለ። በዚያው ልክ ደግሞ እንጨት ሳይለቅም እራት የማይበስልለት ጎረቤትም አለ። ተራራ ስንወጣ ሁለቱንም እናገኛቸዋለን። ሁለቱንም ሰላም እንበል። በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ማለት ምንም አያስከፍልም፤ ፊታቸው ሲፈታ ታያላችሁ።

ለዚህ ነው አንድ ተራራ ወጥታችሁ እንዳትቀሩ የምለምናችሁ። ወጨጫን ብቻ ያየ ሰው ጫካው ድሮም ያለ፣ ወደፊትም የሚኖር ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ተግባሩ። መሪ ያዙ፤ ከአካባቢው ሰው፣ በተገቢ ክፍያ። ክፍያው ለጫካው ጠባቂ የሚሆን ገንዘብ ነው፣ አትከራከሩበት። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። በጊዜ ተነሱ። ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ስሌት አለ፦ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቁጠሩ፣ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ከሱባ እስከ ጫፍ ወደ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ሽቅብ ስለሆነ ለመውጣቱ ብቻ ከርቀቱ በላይ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ አለባችሁ። ዕረፍት ጨምሩ። ጭቃ ካለ ሌላም ጨምሩ። ጫፍ ደረስንም አልደረስንም ሰባት ሰዓት ላይ ፊታችንን እናዞራለን፤ የኛ ቡድን ሕግ ይሄ ነው። አንዴ ጫፉ እየታየን ተመልሰናል። አንዲት እህታችን አልቅሳለች። ግን ሁላችንም በብርሃን ቤታችን ገባን።

ምግብ አታብዙ። በሶ በጥብጣችሁ ወይም ጭብጦ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከውጭ የሚመጣው ጣፋጭ ቸኮሌት አይደርስበትም። ዳቦ ቆሎም ጥሩ ነው፣ እርጥበት አይጎዳውም። ውሃ ለሰው ሦስት ሊትር። የዝናብ ልብስ በበጋም ቢሆን። ጫማ የለመዳችሁትን፤ አዲስ ጫማ ተራራ ላይ አይሞከርም። የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀር የያዛችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ። እሳት አታንድዱ።

ሽማግሌውን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። ሁለተኛው ላይ ፉሪንም፣ የረርንም፣ ዝቋላንም ማየቴን ነገርኳቸው። በበራቸው አንድ ትንሽ ጽድ አለች፣ ያኔ ጉልበቴ ድረስ የምትደርስ። ዙሪያዋን ከብት እንዳይበላት በእሾህ አጥረዋታል። እኔን ሲሰሙ ቆይተው ወደ እሷ አመለከቱኝ። «ገላጣ ላይ ነው የተከልኳት፣ ፀሐይ ትወዳለች» አሉኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከዓለም ባንክ እንነሳለን። መኪናው አይጠብቅም። ዱላ ያለው ይዞ ይምጣ።